ኳስ ከጣሪያ አይጀመርም

የእግር ኳስ ወሬ በእኛ አገር የሚጀመረው ከለቅሶ ቤት ነው። ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ብሔራዊ ቡድኑን ካነሱ፣ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሳይደርሱ “ድሮ እኮ…” ይመጣል። ድሮ ማለት 1954 ዓ.ም. ነው። ከንፈር ይመጠጣል፤ ሙሾ ይወርዳል፤ ፌዴሬሽኑ ይረገማል፤ ቡናው ይጠጣል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ለቀስተኛውም ይበተናል። ማታ ደግሞ ያው ለቀስተኛ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሴናል ሲጮህ ያመሻል። ሟች እንዳለን ሁላችንም እርግጠኞች ነን። በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ትራጀዲ ከፍታ ይፈልጋል። ከዙፋን የወደቀ ንጉሥ ታሪክ ትራጀዲ ይሆናል። ከበርጩማ የወደቀ ሰው ግን አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ ያየውም ስቆ ያልፋል። እኛ የእግር ኳሳችንን ታሪክ “ውድቀት” ብለን ስንሰይመው፣ ሳይታወቀን ትራጀዲ ነው ብለን መመደባችን ነው። ምደባው ልክ መሆኑን ለማወቅ እስቲ መጀመሪያ ከፍታውን እንለካው።

በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ የሚወዳደሩት አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ውጪ ስትሆን፣ ከእሷ ጋር ልንጫወት የነበርነው እኛ ኳስ ሳንነካ ለፍጻሜ ደረስን። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን። አራቱንም ጎል ያገባው ኤል ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግን የእኛ ቀን ሆነ። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነና በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። በጭማሪው ሰዓት ያገቡት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። የኢታሎ ወንድም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህ እውነተኛ ድል ነው፤ ማንም አያቃልለውም። ግብፅ የሁለቱ ቀደምት ዋንጫዎች ባለቤት ነበረች።

ሆኖም በዚያ ውድድር የተሰለፉት እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ብቻ ነበሩ። ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል። በ1960 ዓ.ም. እንደገና ስናዘጋጅ ተሳታፊዎቹ ስምንት ሆነው ጠበቁን፤ እኛም በገዛ ቤታችን አራተኛ ወጣን። በ1984 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ሆኑ፤ በ1988 ዓ.ም. ውድድሩ ለአሥራ ስድስት ተሰፋ፤ በ2011 ዓ.ም. ሃያ አራት ደረሱ። እኛ ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ውድድር በኋላ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ደጃፍ አልደረስንም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከተራራ አልወደቅንም። በማለዳ ተነሥተን ከአራት መንገደኞች ቀድመን ከተራራው ሥር ደረስንና እዚያው አረፍ አልን። ሌላው እየተነሣ በአጠገባችን አልፎ ወጣ። “ወደቅን” የሚለውን ቃል የምንወደው ክብር ስላለው ነው። ርስቱን ያጣ ባላባት ጎረቤቱን “የኔ አባት እኮ…” እያለ እንደሚያስቸግረው ነው። የወደቀ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ላይ ነበር ይባላል። ቆሞ ለቀረ ሰው ግን ማን ሙሾ ያወርድለታል?

የ1954ቱን ዋንጫ ስናወራ ደግሞ ዋንጫውን እንጂ ከሥሩ የነበረውን አናወራም። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ሻምፒዮን ይሆን ነበር፤ የአሥመራ ክለቦችም እንዲሁ። የቫሳሎ ወንድማማቾች የመጡት ከአሥመራ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በሰፈር ወጣቶች ተቋቁሞ አድጎ ነበር። ፋብሪካው የሠራተኛ ቡድን ነበረው፤ ትምህርት ቤቱ ከትምህርት ቤት ይጋጠም ነበር። ይድነቃቸው ራሳቸው ከተጫዋችነት ተነሥተው እስከ አፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት የደረሱት ይህንን መሰላል ረግጠው ነው። የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸውና በእኔ ሙያ ቋንቋ ልናገር፦ ዋንጫው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ሜዳው ነበር። እኛ ሰሙን ስንስመው ወርቁ ከእጃችን ወጣ።

“በ2005 ዓ.ም.ስ?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ያላለቀሰ የለም። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተረትተን ነበርና በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች ነው የተሻገርነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ቀን መሆኑን ብዙ ሰው አላስተዋለም፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት በኋላ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በጎዶሎ ሰው፣ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን። የሰውነት ቢሻው ልጆች ያን ቀን ያሳዩት ጨዋታ ዛሬም ያኮራል። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉንና ተመለስን።

በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባችንን ስንመራ ምን እንደሆነም ታስታውሳላችሁ። በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደው ምንያህል ተሾመ በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰለፈ። ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ያሸነፍነውን ፊፋ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ቆጠረው። ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው አልነበረንም! እንደ ምንም ምድቡን አሸንፈን ለመጨረሻው ደርሶ መልስ በቃን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ በኋላም ካላባር ላይ 2 ለ 0 ረታን። ከዚያ ቀደም በሐምሌ 2000 ዓ.ም. በአመራር ውዝግብ ሳቢያ ፊፋ ፌዴሬሽናችንን አግዶን ከ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰርዘናል። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ያገኘውን ቢሮው ወረቀት ላይ ይጥለዋል።

ፌዴሬሽኑን መውቀስ ተገቢ ነው፤ ቀላልም ነው። ግን እሱም የላይኛው ፎቅ ወሬ ነው። ሌላም የላይኛው ፎቅ ወሬ ልጨምር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆጤሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። እንደ 1954ቱ መዘመር ያለበት ቀን ነበር። የተጫወትነው “በሜዳችን” ነው ተብሎም ተመዘገበ። ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ምክንያቱም ካፍ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ካሉት ስታዲየሞች አንድም መሥፈርቱን የሚያሟላ አላገኘም። የባሕር ዳሩም ታግዷል፤ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ ታቅዶ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው አደይ አበባም አላለቀም። የአፍሪካን ዋንጫ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እንግዳ መቀበያ አጥታ ለዓመታት በማላዊና በሞሮኮ ሜዳ ስትደገስ ኖረች። ድግሱን በጎረቤት ቤት የሚደግስ ሰው ምን ይባላል?

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ወደ ታች ስል ወደ ላስታ መውጣቴ ነው፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ።

ላሊበላን የጎበኘ ፈረንጅ የሚያውቃት አንዲት ልመና አለች። ሁለት ሦስት ልጆች ይጠጉታል፤ ስለ ማንቸስተርና ስለ አርሴናል ያወጉታል፤ ቀጥለው “ቡድን አለን፣ ኳስ ግን የለንም” ይሉታል። ሱቁ ቅርብ ነው። ኳሱ ይገዛል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ፈረንጁ ደስ ብሎት ወደ ሆቴሉ ይገባል። ኳሱም ብዙ ጊዜ ሳይመሽ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ልጆቹ ድርሻቸውን ይቀበላሉ። በማግሥቱ ያው ኳስ ለሌላ ፈረንጅ ይሸጣል። ሁሉም ልጅ እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ እውነተኛ ቡድን ያላቸውም አሉ። ነገር ግን አንድ ኳስ ሳይለጋ ስንት ጊዜ እንደተሸጠ ቢቆጠር ጉድ ነው።

አንድ የገና ሰሞን ቤተ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ስወጣ ሁለት ልጆች እኔንም ያዙኝ። ባርኔጣዬ አሳስቷቸው መሆን አለበት።

“ጋሼ፣ ኳስ ይግዙልን።”

“ለየትኛው ቡድን ነው የምትጫወቱት?”

“ለጊዮርጊስ!” አለ ትንሹ። በኋላችን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ይሁን የአዲስ አበባውን ክለብ አላወቅሁም።

“ሜዳችሁስ የት ነው?”

ተያዩ። “ሜዳማ የለም፣ ጋሼ። ቁልቁለት ነው። ኳሱ አንዴ ከሄደ አይመለስም።”

“ታዲያ ኳሱን ምን ታደርጉታላችሁ?”

ትልቁ ሳቀ። “እንሸጠዋለና!”

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “የልጅ ሌባ” ብሎ ይቆጣል። እኔ ግን ስለ እግር ኳሳችን ከሰማኋቸው መግለጫዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ አልሰማሁም። ሜዳ የሌለው ሰው ኳስ ቢሰጡት ምን ያደርገዋል? ይሸጠዋል። ሌላ ጥቅም የለውማ! የእነዚህን ልጆች ንግድ የኢትዮጵያ እግር ኳስ በትልቁ ሲነግደው ኖሯል። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ይመደባል፤ ተጫዋች ይገዛል፤ ተጫዋቹ ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ በጀት ይሄዳል፤ ሌላው ወደዚህ ይመጣል። ያው ኳስ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ሱቅ! ወጪው በዝቶ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁ። ስለ ጣሪያ ስንነጋገር ያኔም አደርን። ከሥር ስላለው ወለል፣ ስለ አሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ የተሰበሰበ ሰው ትዝ አይለኝም።

ጣሪያ ካነሣን ወልድያን ሳናነሣ አናልፍም፤ የዞናችን ዋና ከተማ ናትና። በጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ አል-አሙዲ ስም የተሰየመውና በእሳቸው ገንዘብ የተሠራው፣ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀ። ደስ ብሎን ነበር። ወልድያ በፕሪሚየር ሊግ ትጫወት ነበር። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከመቐለ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። ማልያ የብሔር መታወቂያ ሆኖ፣ ለጎል የመጣ ወጣት ለድንጋይ ዋለ። ክለቡም በዚያው ዓመት ከሊጉ ወረደ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያንም ላሊበላንም ያዘ። ድንጋዩ ጥይት ሆነ። ያ ስታዲየም ጥሩ ጣሪያ ነበር፤ የሚሸከመው ግድግዳ ግን ከሥሩ አልተሠራም። የወልድያና የመቐለ ልጆች በአሥራ ሦስት ዓመታቸው በትምህርት ቤት ውድድር ተጋጥመው፣ ተሸናንፈው፣ አንድ ኮዳ ውኃ ተካፍለው ቢያድጉ ኖሮ ሁሉም ነገር ይቀር ነበር አልልም። ኳስ ጦርነት አያስቀርም። ያም ሆኖ ስሙን የምታውቀው የመቐለ ግብ ጠባቂ ላይ ድንጋይ ማንሣት ለእጅ ይከብዳል።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈሉ ሁሉም ያውቃል። ጠራቢው መጀመሪያ ጣሪያውን ያወጣል፤ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ በሩን እያለ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። ታዲያ ፌዴሬሽኑ ከብሔራዊ ቡድን፣ ከተማው ከስታዲየም ቢጀምር ምን አለበት? የሚል ላስቴ ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ አንድ ነው። ለእነዚያ ጠራቢዎች ዓለቱ ቀድሞ ነበር። አንድ ወጥ፣ ጥልቅ፣ ከሥር እስከ ላይ የተያያዘ ዓለት። ከጣሪያ የጀመሩት ከሥሩ ምን እንዳለ ስላወቁ ነው። የእግር ኳስ ዓለቱ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ የሚራገጥ ልጅ ነው። እኛ ዓለቱ በሌለበት አየር ላይ መስኮት እንጠርባለን።

“ድሆች ነን፤ አገሩም ተራራ ነው” የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ሯጮቻችንን ግን እንይ። በቆጂ የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን አፍርታለች። በቆጂም ተራራ ላይ ናት፤ ሀብታምም አይደለችም። ሩጫ ግን የሚፈልገው መንገድ ነው፤ መንገዱን እግዜር ዘርግቶታል። ባለው ነገር የሚሠራውን ስፖርት ሠራንበት፤ መሬት ደልድሎ ማስተካከል የሚጠይቀው ላይ ቆምን። ኬፕ ቨርዴንም እንይ። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ 1 ለ 0 ያሸነፈችን፣ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የሆነ፣ የደረቀ ተራራ የተሞላች የደሴቶች አገር ናት። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች። በአውሮፓ ያደጉ ልጆቿን ሰብስባ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን እነዚያም ልጆች ያደጉት ሜዳ ላይ ነው። ሊዝበንም ይሁን ሮተርዳም፣ የሆነ ሰው ለሰፈር ልጅ ሜዳ አስተካክሎ ነበር።

አባቶቻችንስ ተራራው መች ከለከላቸው? የገና ጨዋታን አስቡት። እህል ከታጨደ በኋላ፣ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ያ ማሳ ሜዳ ይሆናል። ሩሩ ይጠረባል፤ ሰፈር ከሰፈር ይገጥማል፤ ጌታው እንኳ ለዚያች ቀን ቁጣውን ትቶ ይዘልፉታል። ማንም ሚኒስቴር ሳያዘጋጀው ላስታ ለብዙ ዘመን የዓመት ውድድር ነበራት። መሬቱ ያው ቁልቁለት ነው። የተለወጠው ለጨዋታ ቦታ መተው እንደ ግዴታ መታየቱ ነው። ዛሬ ከተማ ሲስፋፋ መጀመሪያ የሚሸነሸነው ልጆች የሚራገጡበት ባዶ ቦታ ነው፤ “ባዶ ነው” ተብሎ። በእኛ ዘመን የካልሲ ኳስ ስንለጋባቸው የነበሩት ሜዳዎች፣ አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ አገር፣ አብዛኞቹ ፎቅ በቅሎባቸዋል። ከፎቁ ምድር ቤት ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ልጁ በነፃ ይጫወትበት በነበረው መሬት ላይ ከፍሎ የሌላ አገር ልጅ ሲጫወት ያያል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሊጉ ራሱ ለዓመታት በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ሲሰበሰብ፣ የሌላው ከተማ ልጅ የገዛ ክለቡን በአካል ማየት ቀርቶበታል። ጨዋታው በቴሌቪዥን መታየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሰፈሩ ልጅ ያገባውን ጎል ያላየ ልጅ፣ ለዋልያዎቹ እንዲያለቅስ በምን መብት እንጠይቀዋለን?

ስለዚህ ሒሴ አጭር ነው። የብሔራዊ ቡድኑን ውጤት ማንበብ መጽሐፍን ከመጨረሻው ገጽ መጀመር ነው። አሠልጣኝ መቀየር፣ ፕሬዚዳንት መምረጥ፣ ስታዲየም መመረቅ፣ ሁሉም የመጨረሻው ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የተደለደለ መሬት፣ ሁለት ጥንድ የባሕር ዛፍ እንጨትና ኳሱ ገደል እንዳይገባ የሚይዝ አጥር ነው። ለአስፓልት ሥራ ላስታ ድረስ የወጣ ዶዘር፣ ሲመለስ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቢያስተካክል ስንት ቀን ይፈጅበታል? ወረዳው በየዓመቱ ስንት ክፍል እንደሠራ ሪፖርት ያቀርባል፤ ስንት ሜዳ እንዳለውና ስንቱን እንደሸነሸነ ግን አንድ መሥመር አይጽፍም። የማይቆጠር ነገር ሲጠፋ ማን ያውቃል?

ኮሮና መጣ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተነሣው ግጭት ተጨመረ፤ የላሊበላ ፈረንጅም ሳሳ። ኳስ ገዢው ቀነሰ ማለት ነው። የሚሸጥ ኳስ ሲጠፋ ልጁ ከቁልቁለቱ ላይ ባዶ እጁን ቀርቷል። ሰላም ሲመለስ ቱሪስቱ ይመለሳል፤ ሱቁም ይከፈታል፤ ያቺ ልመናም ትቀጥላለች። እሷን የሚያስቆማት ቁጣ አይደለም፤ የፖሊስ ዱላም አይደለም። ኳሱን ከመሸጥ መጫወቱ የሚበልጥበት አንድ ደልዳላ መሬት ነው። እሱ ከተገኘ ልጁ ኳሱን አይሸጥም፤ እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ አቅፎት ነው የሚያድረው።